ከርነል ውስጥ የመሣሪያ መፈለጊያ ሰንጠረዥ ሜሞሪ ሳያባክን እንዴት ይሠራል? ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ የከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሞጁል፣ ማለትም ከርነሉ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ኮድ፣ የሚጽፉ ልጆች ኮዳቸውን ሲያሳዩኝ ችግሩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሞጁሉ ይጫናል፣ መሣሪያውን ያገኛል፣ ሥራውንም ይሠራል። ግን 300 መሣሪያ ለመመዝገብ ብቻ ግማሽ ሜጋባይት ያልፈዋል። ለምን ይህን ዳታ ስትራክቸር መረጣችሁ ስላቸው «ፈጣን ነው ስለተባለ» ይላሉ። ፈጣን መሆኑ እውነት ነው። ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚበላ የሚወስነው ግን የቁልፎቹ፣ ማለትም መሣሪያ የሚፈለግባቸው ቁጥሮች፣ አቀማመጥ ነው፤ ተቀራርበው የተደረደሩ ናቸው ወይስ ተበታትነው? ይህን ሳያዩ መምረጥ አይቻልም።

ምሳሌያችን ከዚሁ ከጅማ ይሁን። በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ በጆንያ ክምሮቹ መካከል እርጥበትና ሙቀት የሚለኩ 300 ሴንሰሮች አሉ እንበል። ሁሉም መልእክታቸውን ወደ አንድ ጌትዌይ ይልካሉ፣ ጌትዌዩ ደግሞ በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቷል። እያንዳንዱ ሴንሰር ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ባለ 32 ቢት መለያ ቁጥር አለው። መልእክት በመጣ ቁጥር ድራይቨራችን ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ የሴንሰሩን ስትራክት (መረጃው የተቀመጠበትን የሜሞሪ ክፍል) ማግኘት አለበት። ከርነሉ ሊኑክስ ነው፣ ስሌቱ ሁሉ ለ64 ቢት ማሽን ነው።

የፈንክሽኖቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን አስፍሬያለሁ፤ ኮዱ ላይ እንደምታውቋቸው ጻፏቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

የከርነሉን ምንጭ ኮድ ሙሉ የጊት ታሪኩን ሳይሆን የታመቀውን ፋይል አውርዱ። የታመቀው ወደ 140 ሜጋባይት ነው፤ የጊት ታሪኩ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በዶርም ዋይፋይ አይሞከርም። ከተቋረጠበት መቀጠል በሚችል ማውረጃ ተጠቀሙ።

ሥራውን በኪሙ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ብቻ ሞክሩ። ማሽኑን ስታስነሡ የስናፕሾት አማራጩን አብሩ፤ ያኔ ወደ ዲስክ ምስሉ ምንም ስለማይጻፍ ሞጁላችሁ ማሽኑን ቢያደርቀውም ምስሉ አይበላሽም። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋም ያው ነው።

ሁለት ከርነል ገንቡ። ይህን የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው፣ በኋላም ቁጥሩ አልገጥም ይለዋል።

1. የመመርመሪያ ከርነል፦ የከርነሉ ስህተት መፈለጊያዎች ካሳን (የተሳሳተ የሜሞሪ አጠቃቀም)፣ ሎክዴፕ (የመቆለፊያ ስህተት) እና ኬሜምሊክ (ሳይመለስ የቀረ ሜሞሪ) የበሩበት። ለዚህ ቢያንስ 512 ሜጋባይት ስጡት።
2. የመለኪያ ከርነል፦ እነዚህ ሁሉ የጠፉበት። ለዚህ 128 ሜጋባይት በቂ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በመመርመሪያው ከርነል ላይ የሜሞሪ ልኬት አትውሰዱ። ካሳን በእያንዳንዱ ኦብጀክት ዙሪያ መጠበቂያ ቦታ ይጨምራል፣ ሎክዴፕም የእያንዳንዱን መቆለፊያ መጠን ያሳድጋል። የምታገኙት ቁጥር የእናንተ ስትራክት አይሆንም።

በመጨረሻም ፓሆል የሚባለውን መሣሪያ ጫኑ፣ ሞጁሉንም የዲበግ መረጃ ይዞ እንዲገነባ አድርጉ። ደረጃ 4 ላይ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 1፦ ሥራው የግድ ከርነል ውስጥ መሆን አለበት?

በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ንባብ የሚልክ ሴንሰር ብቻ ከሆነ በአብዛኛው መልሱ «አይደለም» ነው። ጌትዌዩን እንደ ሲሪያል ፖርት ክፈቱት፣ ሰንጠረዡን በተራ ፕሮግራም ውስጥ ያዙት፣ ይህን ገጽም ዝጉት። ከርነል ውስጥ መግባት ያለባችሁ የሌላ ድራይቨር አካል ከሆነ ወይም ለየሴንሰሩ ራሱን የቻለ የመሣሪያ ፋይል መፍጠር ካለባችሁ ነው። ለትምህርት ከሆነም ይሁን፣ ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ቁልፎቹን አትማችሁ እዩ

መላምት አይሠራም። ያሏችሁን መለያ ቁጥሮች ሁሉ በሄክሳዴሲማል አትሙና ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ። ከዚያ አራት ነገር ለዩ።

ሀ. ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው? ከ0 ወይም ከ1 ጀምረው ሳይዘሉ የሚሄዱ።

ለ. በጥቅል ይመጣሉ? የላይኞቹ አሃዞች አንድ ዓይነት፣ የታችኞቹ ተከታታይ። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ካርቶን የመጡ ሴንሰሮች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው።

ሐ. ፍጹም የተበታተኑ ናቸው? ቁጥሩ በዘፈቀደ የወጣ ወይም ከሃሽ የተወሰደ ከሆነ።

መ. ክልሎች ናቸው? አንድ መሣሪያ አንድ ቁጥር ሳይሆን «ከዚህ እስከዚያ» የሚይዝ ከሆነ።

አምስት ሴንሰር ብቻ ይዛችሁ ስለ 300 አትፍረዱ። ሁለተኛው ካርቶን ከሌላ ፋብሪካ ሊመጣ ይችላል፣ ያን ጊዜ «ለ» የነበረው «ሐ» ይሆናል።

ከዚህ ጋር ሦስት ጥያቄ መልሳችሁ ጻፉ፦ ቢበዛ ስንት መሣሪያ? ስንት ጊዜ ይፈለጋል? ፍለጋው የሚካሄደው መተኛት (ኮዱ ቆሞ መጠበቅ) በማይቻልበት ቦታ ነው? የእኛ ፍለጋ የዩኤስቢ መልእክት ሲጠናቀቅ በሚጠራው ፈንክሽን ውስጥ ስለሆነ መተኛት አይቻልም።

ደረጃ 3፦ በወረቀት አስሉ፣ ከዚያ ምረጡ

መጀመሪያ የየአንዳንዱን ዋጋ ያዙ።

ቀጥተኛ አሬይ፦ ለእያንዳንዱ ሊኖር ለሚችል ቁልፍ 8 ባይት።
ኤክስአሬይ (ቁልፉን በቢቶቹ እየከፈለ የሚወርድ ዛፍ)፦ ለእያንዳንዱ ኖድ (የዛፉ መገናኛ) 576 ባይት። አንድ ኖድ 64 ቦታ አለው፣ የቁልፉን 6 ቢት ይፈታል።
ሃሽ ቴብል (ቁልፉን በስሌት ወደ አንድ ባኬት፣ ማለትም ወደ አንድ አጭር ዝርዝር፣ የሚመድብ)፦ ለእያንዳንዱ ባኬት 8 ባይት፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ 16 ባይት።
ሬድ ብላክ ትሪ (ቁልፎችን በቅደም ተከተል የሚይዝ ሚዛናዊ ዛፍ)፦ ለእያንዳንዱ መሣሪያ 24 ባይት።

ቁልፎቹ ከ0 እስከ 299 ጥቅጥቅ ብለው ከተቀመጡ፦ አሬዩ 2,400 ባይት ነው። ኤክስአሬዩ 5 የታች ኖድና 1 የላይ ኖድ ይፈልጋል፣ ይህም 3,456 ባይት ነው። ባለ 256 ባኬት ሃሽ ቴብል 6,848፣ ሬድ ብላክ ትሪ 7,200። አሬይ ያሸንፋል፤ ቁጥሩ ወደፊት የሚያድግ ከሆነ ኤክስአሬይ።

አሁን እነዚያኑ 300 መሣሪያዎች በ32 ቢት ላይ በትኗቸው። ሃሽ ቴብሉና ሬድ ብላክ ትሪው አንድ ባይት አይጨምሩም። አሬዩ 32 ጊጋባይት ይሆናል፤ ለ300 ሰው ሠርግ የጅማን ስታዲየም መከራየት ማለት ነው። ልጆቹን የሚያታልላቸው ግን አሬይ ሳይሆን ኤክስአሬይ ነው፣ ምክንያቱም ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ይሠራል። 32 ቢትን በ6 በ6 ሲከፍለው ስድስት ደረጃ ይወጣል። የላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች በጥቂት ኖድ ያልቃሉ፣ ሦስተኛው ወደ 180 ኖድ ይወስዳል። ከዚያ በታች ባሉት ሦስት ደረጃዎች ግን እያንዳንዱ መሣሪያ ማለት ይቻላል የራሱን ኖድ ይዞ ይወርዳል። ድምሩ 1,080 ገደማ ኖድ፣ ከ620,000 ባይት በላይ ነው። በመግቢያው ያልኩት ግማሽ ሜጋባይት ከዚህ ይመጣል።

ቁጥሮቹ በጥቅል የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። 300 ተከታታይ ቁጥሮች በ32 ቢት ክልል ውስጥ የትም ቢቀመጡ ኤክስአሬዩ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 ኖድ አይበልጥም፣ 6,300 ባይት ገደማ ነው፤ ከሃሽ ቴብሉ ጋር እኩል ሊባል ይችላል። ደረጃ 2ን አትዝለሉ የምለው ለዚህ ነው።

ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ይሁን።

1. መሣሪያዎቹ ከአሥራ ስድስት የማይበልጡ ከሆነ ተራ ሊንክድ ሊስት ውሰዱ። ስለ ሌላው አትጨነቁ።
2. ቁልፉ ጠባብና ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ቋሚ አሬይ። ሊኑክስ ራሱ የዩኤስቢ ንዑስ ቁጥሮቹን በ256 ቦታ አሬይ ነው የሚይዘው።
3. ቁጥሩን የምትሰጡት እናንተ ከሆናችሁ ኤክስአሬይ፣ በኤክስኤ አሎክ። ከታች ያለውን ነጻ ቁጥር እየፈለገ ስለሚሰጥ ሰንጠረዡ ጥቅጥቅ ብሎ ይቆያል።
4. ቁልፉ የተበታተነ ከሆነ ሃሽ ቴብል። ሊኑክስ የኔትወርክ መሣሪያን በስሙ የሚፈልገው በ256 ባኬት ሃሽ ነው።
5. ክልል ከሆነ ሜፕል ትሪ፣ ክልሎችን የሚይዝ የከርነሉ ዛፍ።
6. ሬድ ብላክ ትሪ የምትፈልጉት በቅደም ተከተል መዞር ወይም «ከዚህ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ማነው» ማለት ካለባችሁ ብቻ ነው። ለንጹህ ፍለጋ አልመክረውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ከተቻለ ቁልፉን ራሱን ለውጡት። ዩኤስቢ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መሣሪያው ሲሰካ ከ1 እስከ 127 ካሉት አድራሻዎች አንዱ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠራው በዚያ አጭር አድራሻ ነው። የጌትዌዩን ሶፍትዌር የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁ ሴንሰሩ ሲመዘገብ አጭር ቁጥር ስጡትና መልእክቱ ሁሉ በዚያ ይምጣ። «ሐ» የነበረው «ሀ» ይሆናል። ፕሮቶኮሉ የሌላ ሰው ከሆነና የማይነካ ከሆነ፣ እንደ ምሳሌያችን፣ ሃሽ ቴብል ይዛችሁ ቀጥሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲፋይን ሃሽቴብል የሚባለው ማክሮ ሁለተኛ ቁጥሩ የባኬት ብዛት ሳይሆን የቢት ብዛት ነው። «16 ባኬት ይበቃኛል» ብሎ 16 የጻፈ ሰው 65,536 ባኬት፣ ማለትም 512 ኪሎባይት ይዟል። ለእኛ 8 ጻፉ።

ሃሽ የሚያደርገውን ፈንክሽን ራሳችሁ አትፍጠሩ። የቁጥሩን የመጨረሻ 8 ቢት ብቻ የሚወስድ ኮድ አይቻለሁ፤ ፋብሪካው ቁጥሩን በ256 እየዘለለ ከሰጠ ሁሉም በአንድ ባኬት ይታጨቃሉ። ከርነሉ ያለው ሃሽ 32 ቁጥሩን በትልቅ ቋሚ አባዝቶ የላይኞቹን ቢቶች ስለሚወስድ ይህ አይደርስበትም።

ደረጃ 4፦ የስትራክቱን ልክ አስተካክሉ

በወረቀት ያሰላችሁትና ከርነሉ የሚያስከፍላችሁ ይለያያሉ። ኬማሎክ (ከርነል ውስጥ ሜሞሪ የሚጠየቅበት ፈንክሽን) የሚሰጠው በተወሰኑ መጠኖች ነው፦ 64፣ 96፣ 128፣ 192፣ 256፣ 512 እያለ ይሄዳል። የሴንሰሩ ስትራክት 120 ባይት ነበር እንበል፤ በ128 ክፍል ውስጥ ይገባ ነበር። የሃሽ ቴብሉን 16 ባይት ስትጨምሩ 136 ይሆንና ወደ 192 ይዘላል። ለ16 ባይት 64 ከፈላችሁ ማለት ነው፤ በ300 መሣሪያ 19,200 ባይት፣ ሰንጠረዡ ራሱ ከሚይዘው ሁሉ በላይ።

እንዲህ አድርጉ።

1. ሞጁሉን ገንቡና ፓሆልን አስኪዱበት። በፊልዶች መካከል ያሉትን ባዶ ቦታዎች ያሳያችኋል።
2. ፊልዶቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ። ባለ 4 ባይት ቁጥር፣ ፖይንተር፣ ባለ 1 ባይት ሁኔታ፣ ፖይንተር በዚህ ቅደም ተከተል 32 ባይት ይይዛሉ። ፖይንተሮቹን ወደ ላይ ስታወጡ 24።
3. አሁንም ከ128 ካለፈ በኬሜም ካሽ ክሬኤት የራሳችሁን የስላብ ካሽ (ለአንድ መጠን ብቻ የተለየ የሜሞሪ ክምችት) ፍጠሩ። በ4,096 ባይት ገጽ ውስጥ 192 የሚሆነው 21 ጊዜ፣ 136 ግን 30 ጊዜ ይገባል። ለ300 መሣሪያ ከ15 ገጽ ወደ 10 ትወርዳላችሁ።

አሬይ የመረጣችሁም ከዚህ አታመልጡም። 2,400 ባይት በኬማሎክ ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ 4,096 ነው። መጠኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ቋሚ አሬይ አድርጋችሁ አውጁት።

ደረጃ 5፦ ማስገባት፣ መፈለግ፣ ማውጣት

ይህ ክፍል ላይ ቀስ በሉ። ማሽኑን የሚያደርቁ ስህተቶች ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሡት።

ለማስገባት፦

1. አዲስ ሴንሰር ሲታይ ምዝገባውን እዚያው አትጨርሱት፤ ወደ ወርክኪው (ከርነሉ ሥራን ለኋላ የሚያቆይበት ወረፋ) አሳልፉት። እዚያ መተኛት ስለሚቻል በጂኤፍፒ ከርነል (መተኛትን በሚፈቅደው የአጠያየቅ ዓይነት) ሜሞሪ መጠየቅ ትችላላችሁ።
2. ስትራክቱን ሙሉ በሙሉ ሙሉት፤ የማጣቀሻ ቆጣሪውን (ስትራክቱን ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚቆጥረውን) በኬሬፍ ኢኒት አስጀምሩ። ይህ የመጀመሪያ ቁጥር የሰንጠረዡ ድርሻ ነው።
3. የሰንጠረዡን መቆለፊያ (ስፒንሎኩን) ያዙ።
4. ቁልፉ ቀድሞ መኖሩን እንደገና ፈልጉ። ሃሽ አድ ድግግሞሽ አይፈትሽም፤ የአንድ ሴንሰር ሁለት መልእክት ተከታትሎ ከመጣ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል።
5. በሃሽ አድ አርሲዩ አስገቡ፣ መቆለፊያውን ልቀቁ። አርሲዩ አንባቢዎች ያለ መቆለፊያ እንዲያነቡ የሚያስችል የከርነሉ ዘዴ ነው። ከዚህ በኋላ ስትራክቱ ላይ የሚሞላ ነገር መቅረት የለበትም፤ ወዲያው ሊገኝ ይችላል።

በኤክስአሬይ ለምትሠሩ፦ ለምዝገባ ኤክስኤ ስቶርን ሳይሆን ኤክስኤ ኢንሰርትን ጥሩ። ስቶር የነበረውን በዝምታ ይደርብበታል፣ የድሮው ስትራክት ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ኢንሰርት ቦታው ከተያዘ የተይዟል ስህተት ይመልሳል።

ለመፈለግ፦ አርሲዩ ሪድ ሎክ ያዙ፣ በባኬቱ ውስጥ ፈልጉ፣ ካገኛችሁ በኬሬፍ ጌት ቆጣሪውን ጨምሩ፣ ከዚያ አርሲዩውን ልቀቁ። ቆጣሪውን ሳትጨምሩ ፖይንተሩን ይዛችሁ አትውጡ። ሥራችሁን ስትጨርሱ ቆጣሪውን በኬሬፍ ፑት ቀንሱ።

ለማውጣት፦ ቅደም ተከተሉ አይቀያየርም።

1. መቆለፊያውን ይዛችሁ በሃሽ ዴል አርሲዩ ከሰንጠረዡ አውጡ። መቆለፊያውን ልቀቁ።
2. ሲንክሮናይዝ አርሲዩን ጥሩና ጠብቁ፤ ቀድመው የገቡ አንባቢዎች እስኪወጡ ያቆያችኋል።
3. ከዚያ ብቻ የሰንጠረዡን ድርሻ በኬሬፍ ፑት መልሱ።

ይህ አካሄድ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ሰው በልማድ በየስትራክቱ ውስጥ የሚያስገባውን 16 ባይት የአርሲዩ ሄድ (ማስለቀቅን ለኋላ ለማቆየት የሚያገለግል ፊልድ) አያስፈልጋችሁም። መሣሪያ የሚነቀለው አልፎ አልፎ ስለሆነ መጠበቁ አይጎዳም።

ማስጠንቀቂያ፦ የአርሲዩ ሄድ የግድ ካስፈለጋችሁና ቦታ ለመቆጠብ ከሌላ ፊልድ ጋር በዩኒየን ልታጋሩት ካሰባችሁ፣ ከሃሽ ኖዱ ጋር አታጋሩት። ከሰንጠረዡ ከወጣ በኋላም በባኬቱ ላይ የሚጓዝ አንባቢ የኖዱን ቀጣይ ፖይንተር እያነበበ ሊሆን ይችላል።

ጌትዌዩ ሲነቀል 300ውን አንድ በአንድ ካወጣችሁና በየአንዳንዱ ሲንክሮናይዝ አርሲዩ ከጠራችሁ ነቀላው ለረጅም ጊዜ የተንጠለጠለ ይመስላል። ሁሉንም አውጡ፣ ፖይንተሮቻቸውን በጊዜያዊ አሬይ ያዙ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠብቁ፣ ከዚያ ሁሉንም መልሱ።

ደረጃ 6፦ ለኩ

በመለኪያው ከርነል ላይ፣ በሩት መብት፣ ፕሮክ ውስጥ ያለውን የስላብኢንፎ ፋይል ሞጁሉ ከመጫኑ በፊት፣ 300ው ከተመዘገቡ በኋላና ሞጁሉ ከወጣ በኋላ ቅዱ። ሦስቱን አስተያዩ።

ቁጥሩ እምቢ ሲል

የኤክስአሬይ ኖዶችን ስም አጥታችሁ ከሆነ፦ ራዲክስ ትሪ ኖድ በሚለው መስመር ውስጥ ናቸው። ፔጅ ካሽም (የዲስክ ፋይሎች በሜሞሪ የሚያዙበት) ከዚያው ስለሚወስድ፣ ኮምፓይል እያደረጋችሁ ወይም ፋይል እየቀዳችሁ አትለኩ። ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ድሮፕ ካሽስ ወደሚባለው ፋይል 3 ጻፉበት።

የራሳችሁ ካሽ በዝርዝሩ ላይ ከሌለ፦ ጠፍቶ አይደለም፤ ከርነሉ መጠኑ ከሚመስለው ሌላ ካሽ ጋር አዋህዶታል። ለልኬት ብቻ ከርነሉን በስላብ ኖመርጅ አማራጭ አስነሡት።

መተኛት በማይቻልበት ቦታ ተኝቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ፦ ስፒንሎክ ይዛችሁ በጂኤፍፒ ከርነል ሜሞሪ ጠይቃችኋል፣ ወይም ሲንክሮናይዝ አርሲዩን ከመቆለፊያው ውስጥ ጠርታችኋል። ሜሞሪውን ከመቆለፊያው በፊት ውሰዱ። ጂኤፍፒ አቶሚክን (ሳይተኛ የሚጠይቀውን) እንደ ማምለጫ አትቁጠሩት፤ በ128 ሜጋባይት ማሽን ላይ ቶሎ ይከለከላል።

ሞጁሉ ሲወጣ ካሹ ውስጥ ገና ኦብጀክት አለ የሚል መልእክት ከታየ፦ አንድ ኬሬፍ ፑት ጎድሏል። ወደ መመርመሪያው ከርነል ተመለሱና መጀመሪያ የስህተት መውጫ መንገዶቹን አንብቡ፤ ፍለጋው ተሳክቶ ቀጣዩ እርምጃ ሲከሽፍ ያለ ፑት የሚመለስ መስመር ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። ካልታያችሁ ኬሜምሊክን አስኪዱት፣ ነገር ግን ዝም ካለ ንጹህ ነው አትበሉ። ፖይንተሩ አሁንም የሆነ ቦታ ተቀምጦ ከሆነ ኬሜምሊክ እንደ ጠፋ አይቆጥረውም። ያን ጊዜ በጌትና በፑት ላይ የቁልፉንና የቆጣሪውን ዋጋ የሚያትም መስመር ጨምሩና አንድ ሴንሰር ብቻ አስመዝግባችሁ ንቀሉት።